ገና ያልወጣውን ሌንስ ስንጠብቅ

(ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ለተሰበሰቡ ፎቶ አንሺዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ቀንሼዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎች ግን አልነካኋቸውም።)

ጤና ይስጥልኝ። ቡናችሁን እየጠጣችሁ ስሙኝ፤ እኔም በየመሐሉ ፉት እላለሁ።

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የምትዞረውን ፎቶ ሳታዩ አትቀሩም። ለሬንጅፋይንደር ካሜራ የተሠራ አዲስ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው ይባላል። አምራቹ ትንፍሽ ስላላለ እኔም ስም አልጠራም። ፎቶዋ ራሷ ብዥ ያለች ናት። ይህን ያህል የሚወራለት ሌንስ ፎከስ በሌላት ፎቶ መምጣቱ ትንሽ አስቆኛል። ቀለበቱ ላይ የተጻፈው የኤፍ ቁጥር፣ ማለትም ሌንሱ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚነግረን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ይበዛል)፣ አይነበብም። ግማሹ ሰው 0.95 ነው ብሎ ይምላል፤ ግማሹ የለም፣ 1.0 ነው ይላል። በዚህ ጉዳይ ሁለት ወዳጆቼ ሊኮራረፉ ምንም አልቀራቸውም።

እስቲ እዚሁ እንገላግላቸው። በኤፍ 0.95 እና በኤፍ 1.0 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 11 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጬ ለዩ ብላችሁ አትለዩትም። 0.95 ሳጥኑ ላይ ሲጻፍ ያምራል፣ ዋጋ ለመጨመርም ይመቻል። ለፎቶው ግን ያው ነው። ታረቁ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ ሊወጣ ነው ሲባል ሁላችንም ብርሃን የምንጠብቅ ይመስለናል። ብርሃኑን አሁን በሌላ መንገድ በርካሽ እያገኘነው ነው። ከሌንሱ የምናገኘው ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ እጃችን ላይ ያለው ካሜራ ካልተዘጋጀ አናገኘውም።

ሬንጅፋይንደር ነክታችሁ የማታውቁ ልጆች ስላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ ካሜራ ስታዩ በሌንሱ ውስጥ አይደለም የምታዩት። ከላይ ጥግ ላይ ባለች መስኮት ነው። መሐሏ ላይ ደመቅ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። እዚያ ውስጥ የምታነሱት ሰው ሁለት ሆኖ ይታያችኋል። አንዱ ምስል ከዋናው መስኮት ይመጣል፤ ሌላው ወደ ጎን ራቅ ብላ ከተቀመጠች ሌላ ትንሽ መስኮት። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሲገጥሙ ፎከስ ሆነ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ የለም፣ ሞተር የለም። የሌንሱ ጀርባ ካሜራው ውስጥ ያለች አንዲት ክንድ ይገፋል፤ ክንዷ ጫፍ ላይ ትንሽ መንኮራኩር አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። የጀርመኑ ካሜራ ላይካ ኤም3 በ1954 ሲወጣ እንዲህ ነበር፤ ዛሬም ሬንጅፋይንደር ያላቸው የላይካ ኤም ካሜራዎች እንዲሁ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እንደምጠራ ልብ በሉልኝ፤ በእኛ እያሰላሁ ከሄድኩ እስኪመሽ አንጨርስም።

ብርሃን የሚጠጣ ሌንስ መጠበቅ የኛ ዘመን አመል አይደለም። በ1950ዎቹ ጃፓኖች እርስ በርስ እሽቅድምድም ገጥመው ነበር። በ1953 ዙኖው የሚባለው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.1 ወጣ። ኒኮን በ1956 በራሱ 1.1 መለሰ። ካነን አድፍጦ ቆየና በ1961 ካነን 7 ከሚባለው ካሜራ ጋር 0.95 ይዞ ብቅ አለ። ማስታወቂያቸው ከሰው ዓይን አራት እጥፍ ይበራል የሚል ነበር። የሻጭ ወሬ ነው፤ ግን ሰው ወዶታል።

ያ የካነን ሌንስ ምናልባት እጃችሁ ከገባ ገልብጣችሁ የኋላውን መስታወት እዩት። ሙሉ ክብ አይደለም። አንድ ጎኑ ተቆርጧል። መስታወቱ ከመተለቁ የተነሳ የሬንጅፋይንደሩ ክንድ መተላለፊያ አጣ። መሐንዲሶቹም ክንዱን መተው ስለማይችሉ መስታወቱን ቆረጡት። እኔ በጣም የምወደው ነገር ይህ ነው። ሌንሱ ማደግ ይፈልጋል፣ ካሜራው ቦታ የለኝም ይላል። ከዚያ ወዲህ የወጣ የዚህ ዓይነት ሌንስ ሁሉ በዚህ ጠብ ውስጥ አልፏል፤ አሁን የምንጠብቀውም አይቀርለትም።

ጀርመኖቹ በሌላ በኩል መጡ። የላይካ አምራች ላይትዝ በ1966 የመጀመሪያውን ኖክቲሉክስ ሌንስ በኤፍ 1.2 አወጣ። ሁለት አስፌሪካል ገጾች ነበሩት፤ ከመሐል ወደ ዳር ሲሄዱ ኩርባቸው የሚለወጥ ማለት ነው። ያኔ ይህ በእጅ የሚሞረድ ነበር። አድካሚ ነው፣ ውድ ነው፣ ብዙ ማምረትም አይቻልም። ካናዳ ባለው የላይትዝ ፋብሪካ የሚሠራው ቫልተር ማንድለር ነገሩን ከሥሩ ቀየረው። ኩርባውን ማወሳሰብ ትቶ ወደ ተራው ኩርባ ተመለሰ፤ በምትኩ ብርሃን አጥብቆ የሚያጥፍ ልዩ መስታወት ተጠቀመ። በ1976 ኤፍ 1.0 ወጣ። ይህ ሌንስ እስከ 2008 ተመርቷል። ከሠላሳ ዓመት በላይ! በእኛ ሙያ ስልክ እንኳ ሁለት ዓመት አይቆይም።

በ2008 እሱን የተካው ኤፍ 0.95 ነው። ክብደቱ 700 ግራም ነው፣ ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ። በብር ስንት ይሆናል እንዳትሉኝ። ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር በብር ማስላት ትቻለሁ፤ ለጤናም ጥሩ አይደለም።

ደግነቱ ገበያው ለኛም ቢጤ አሰበ። የጃፓኑ ኮሲና በፎክትላንደር ስም በ2009 ኖክተን 50 ኤፍ 1.1 አወጣ። ቻይናዎቹ ተከተሉ። ሰቨን አርቲዛንስ በ2017 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.1 ለላይካ ኤም ሠርቶ ከ400 ዶላር በታች ሸጠው። ስለዚህ ሌንስ አንድ ነገር ያዙልኝ። ከካሜራችሁ ጋር ካልገጠመ ራሳችሁ ጀርባውን ፈታ ጠበቅ አድርጋችሁ እንድታስተካክሉት ተደርጎ ነው የተሠራው። ብዙ ሰው በርካሽነቱ ሳቀ። እኔ ግን ሰዎቹ ችግሩ የት እንዳለ ገብቷቸዋል አልኩ።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ከዚህ ወጥታችሁ በእግራችሁ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብትሄዱ ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ ትደርሳላችሁ። የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ነው እንበል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጧፍ ፊታቸው አጠገብ ይዘው ቆመዋል። ሌላ መብራት የለም። ካሜራችሁ ውስጥ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 የሆነ ፊልም አለ። በኤፍ 2 ብታነሱ ሸተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው በር፣ 1/15 ሰከንድ ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው ቢተነፍሱ እንኳ ፎቶው ይንቀጠቀጣል። በኤፍ 1 ከሆነ 1/60 ታገኛላችሁ። በእጅ ተይዞ የሚሠራ ነው። ለፊልም ሰው እንግዲህ ይህ ሌንስ ሕይወት ነው፤ ማስታወቂያው ውሸት የለበትም። የ1950ዎቹ እሽቅድምድምም የመጣው ከዚህ ነው። ፊልሙ ዘገምተኛ ነበር።

ፒያሳ ተቀምጠን ስለ ፎቶ እያወራን ቦያጂያኖችን ሳናነሳ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። ከአፄ ምኒልክ ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያነሱት አርመኖች ናቸው፣ አባትም ልጆችም። በዚያ ዘመን ዕቃ ጧፍ የያዘች ሴት ሌሊት ላንሳ ማለት ቀልድ ነው። ሰው በቀን ብርሃን ተቀምጦ፣ አትነቃነቅ ተብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የፋሲካ ሌሊት ፎቶ ብትፈልጉ አትልፉ።

አሁን እዚያው ቦታ፣ እኚያኑ እናት፣ በዲጂታል እናንሳ። አይኤስኦውን 6400 ላይ አድርጉት። ዛሬ ማንኛውም ደህና ካሜራ ይህን ያለምንም ማጉረምረም ይሠራዋል። በኤፍ 2 ሸተሩ 1/250 ይሆናል። የሚሮጥ ልጅ እንኳ ቀጥ አድርጎ ያስቆማል። በኤፍ 4 እንኳ ብታነሱ 1/60 አላችሁ። እንግዲህ ዲጂታል ይዛችሁ "ለጨለማ ነው የምገዛው" የምትሉ ካላችሁ፣ ጨለማው ተሸንፏል። ጠላት ሲፈልጉ ውለው ማደር ይሆናል።

ታዲያ ምን እንፈልጋለን? ብዥታውን ነው። በተለይ የጥራቱን ቅጥነት። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 0.95 ከፍታችሁ፣ ከአንድ ሜትር ላይ ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትቀዳ ልጅ አስቡ። የሲኒው ከንፈር ላይ ፎከስ ብታደርጉ እጀታው ይሳሳል፤ ጀበናዋ ጥላ ትሆናለች፤ ዕጣኑ የቱ ጭስ የቱ ግድግዳ እንደሆነ አይለይም። ፊቷ ላይ ብታደርጉ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጆሮዋ ግን ጠፍቷል። ማታ ቸርችል ጎዳና ላይ ቁልቁል ወደ ለገሃር አዙራችሁ ብታነሱ የመኪኖቹ መብራት መሐል ላይ ክብ፣ ዳር ዳር ሲሄድ ደግሞ የዓይን ቅርጽ እየያዘ ይሄዳል። ጥጎቹ ይጨልማሉ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር አለ። እኔ ነፍሴ ነው።

ስልካችሁም ፖርትሬት ብሎ ይህን ይሠራል፤ አውቃለሁ። እሱ የሚሠራው በስሌት ነው። የነጠላ ጥለትና የፀጉር ጫፍ ጋ ሲደርስ ይደናበራል፤ ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ያስቀረዋል።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ኤፍ 1.4 ሌንስ፣ በዚያው በአንድ ሜትር፣ የሚሰጣችሁ ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኤፍ 1.4 ብዙዎቻችሁ አላችሁ። ስለዚህ ከዚያ ወደ 0.95 ስትሄዱ የምትገዙት አንድ ሴንቲሜትር ነው። አንዳንዱ ለዚህች ሴንቲሜትር 10,000 ዶላር ይከፍላል። እብድ አይደለም፤ ልዩነቷ ፎቶው ላይ ትታያለች። ነገር ግን ሴንቲሜትሯን ማን ነው የሚለካላችሁ? ያቺ መንኮራኩር ያላት ክንድ።

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ሬንጅፋይንደራችሁ አንድ ሴንቲሜትር ቢሳሳት በኤፍ 4 አታውቁትም። በኤፍ 2 እምብዛም። ካሜራው ወድቆ፣ በሚኒባስ ተንገጫግጮ፣ ከባለቤት ባለቤት ዞሮ ሊሆን ይችላል እጃችሁ የገባው፤ እስከ ዛሬ ግን ቅሬታ የላችሁም። 0.95 ስትገጥሙለት የተደበቀው ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ከዚያ ሌንሱ ቀሽም ነው እያላችሁ ስታማርሩ ትከርማላችሁ።

ያም ብቻ አይደለም። ቅድም እንዳልኳችሁ በሌንሱ ውስጥ አይደለም የምታዩት። በመስኮቷ ስታዩ ሲኒውም፣ ጀበናውም፣ ከኋላ ያለው የታክሲ ወረፋም እኩል ጥርት ብሎ ነው የሚታያችሁ። ብዥታው ምን ሊመስል እንደሆነ ሳታውቁ ነው ሸተሩን የምትጫኑት። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ወፍራም ሌንስ የመስኮቷን የታችኛውን ጥግ ይሸፍነዋል። ለአንዳንዱ ይህ አበሳ ነው። ኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ያለው ካሜራ ላይ በአዳፕተር ገጥማችሁ ብትሠሩ ሁሉንም በቀጥታ ታያላችሁ፤ የማፍርበት ነገር የለም፣ ሥራ ሲሆን እኔም አደርገዋለሁ።

አሁን እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉ። ሌንሱን ከመጠበቃችሁ በፊት ካሜራውን ፈትኑት። አንድ ረጅም ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ከእናንተ ወደ ፊት እንዲሄድ አድርጋችሁ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉና ከላይ አጋድሞ፣ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ማስመሪያውን እንዲያይ አድርጉት። ርቀቱ አንድ ሜትር ይሁን። 15 ቁጥር አጠገብ አንድ ክብሪት አቁሙና እሱ ላይ ሁለቱን ምስሎች ግጠሙ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አንሱ። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ የቱ ቁጥር እንደጠራ እዩ። 15 ከሆነ እሰየው። 13 ወይም 17 ከሆነ ግን ለአዲሱ ሌንስ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ መጀመሪያ ለባለሙያ ክፈሉ። ሩቁንም ፈትሹ። ሰማዩ ጥርት ሲል እንጦጦ ጫፍ ላይ ያለ ምሰሶ ፈልጉ፤ ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁለቱ ምስሎች መግጠም አለባቸው። ደግሞ እባካችሁ ዩቲዩብ አይታችሁ በመፍቻ አትጎርጉሩት።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ይህኛው ከካሜራው ሳይሆን ከአንገታችን ነው። የፎከሷ አራት ማዕዘን መሐል ላይ ብቻ ናት። ሁላችንም የሰውዬውን ዓይን መሐል ላይ አድርገን እንገጥማለን፣ ከዚያ ካሜራውን ዞር እናደርግና ሰውዬውን ወደ ዳር እናወጣዋለን። ከአንድ ሜትር ላይ 15 ዲግሪ ዞር ብትሉ ፎከሱ ከዓይኑ ኋላ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ያርፋል። ያላችሁ ደግሞ ከኋላ አንድ ብቻ ነው! ከዓይኑ ኋላ ያለው ጥርት ብሎ ዓይኑ ደብዝዞ ይወጣል። መላው ቀላል ነው። ዞር ካላችሁ በኋላ ደረታችሁን በጣም ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ማድረግ። መጀመሪያ ላይ ትያትር የሚሠራ ሰው ያስመስላል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ስለ ቀትሩም ላንሳ፤ የ13 ወር ፀጋ አገር ነን። እኩለ ቀን ላይ መስቀል አደባባይ ቆማችሁ፣ አይኤስኦ 100፣ ሌንሱን ኤፍ 1 ከፍታችሁ ብታነሱ የሚያስፈልጋችሁ ሸተር 1/25,000 ሰከንድ ገደማ ነው። የድሮ ፊልም ላይካ ኤሞች የሚሄዱት እስከ 1/1000 ነው። ስለዚህ ወይ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ትገዛላችሁ፣ ወይ ሌንሱን ትዘጉታላችሁ። ከዘጋችሁት ደግሞ ያ ሁሉ መስታወት አንገታችሁ ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ ነው። የደመራ ዕለት ግን፣ ችቦው ሊለኮስ ሲል፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ያለችው ሰዓት አለች። ለሱ ሰዓት እኔም እመኛለሁ።

ወደ ጥያቄ እንግባ።

አንድ በዕድሜ የገፉ አባት መጀመሪያ እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ እኛ በኤፍ 2 ስንቱን ሠርግ አንስተን ስንቱን ድረናል። ይኼ ሁሉ መንሰፍሰፍ ምንድን ነው?" አሉ። ቤቱ ሳቀ።

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሠርግ ላይ ደግሞ ይህን ሌንስ ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለ እኔም እፈራለታለሁ። ሙሽራዋ ጠርታ ሙሽራው ከደበዘዘ ሚዜዎቹ አያስወጡትም። አጠገብ ለአጠገብ የቆመ ቤተ ዘመድ በኤፍ 0.95 አይነሳም፤ ኤፍ 4 ላይ አድርጎ ፍላሽ ማብራት ነው። መንሰፍሰፉ ግን ይፈቀድልን። እርስዎስ ያኔ አዲስ ሌንስ ሲመጣ የሱቅ መስታወት ላይ አፍንጫዎን አልለጠፉም?

"ለጥፌያለሁ" አሉ። እሱን ካመኑልኝ ይበቃኛል።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ "ከውጭ ሰው ሲመጣ ይዞልኝ ይምጣ ወይስ እዚህ እስኪገባ ልጠብቅ?" ብላ ጠየቀች። እዚህ እስኪገባ ከጠበቅሽ ትሸብቺያለሽ አልኳት። በሰው ማስመጣት ነው ያለው መንገድ። ደረሰኙ አብሮ ይምጣ፤ ጉምሩክ ላይ ያለ ደረሰኝ መከራከር አይቻልም። የሚያመጣልሽን ሰው ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው፣ በእጁ እንዲይዘው ለምኚው። ያቺ የተስተካከለች ጀርባ ከአውሮፕላን ጫኞች ጋር አትስማማም።

"አንተ ራስህ ቅድሚያ ከፍለሃል?" አለችኝ መልሳ።

አልከፈልኩም። ክብደቱን ሳላውቅ አልከፍልም፤ የኮሲናው ኖክተን 50 ኤፍ 1.0 ከ500 ግራም በታች ሆኖ ስለተሠራ ከዚያ የከበደ አልሸከምም። ምን ያህል እንደሚቀርብም ማወቅ እፈልጋለሁ። የላይካው 0.95 ከአንድ ሜትር ወዲህ አይመጣም፤ ቡና ላይ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከዚያ ይቀርባል። ከሁሉም በላይ አንድ ሰው በኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ሳይሆን በሬንጅፋይንደሩ መስኮት እያየ፣ ሙሉ ከፍቶ፣ ከአንድ ሜትር ላይ ያነሳውን ፎቶ ማየት አለብኝ። የአምራቹ ሞዴል ሳትሆን፣ የሚንቀሳቀስ ተራ ሰው። እንዲህ ያለ ፎቶ ከተለቀቀ ቴሌግራም ላይ ወርውሩልኝ። እስከዚያ በኤፍ 1.4ዬ እሠራለሁ።

ሌላ ጥያቄ ያለው?